ልጅ በልጅ፦ የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ሕይወትና የዘር ሐረግ



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የዘር ሐረግን ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ቆጠራ ነው፤ በዚያ ቆጠራ ውስጥም የወንዶቹ ስም ብቻ አልተጻፈም። ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩትና የኦርዮ ሚስት አሉበት። እግዚአብሔር ታሪኩን ሲጽፍ እናቶችን አይዘልም።

እኛም ዛሬ አንዲት እናት እናነሣለን። የጎንደርን ቤተ መንግሥት የመሠረቱትን የዐፄ ፋሲለደስን ሐረግ ወደ ላይ ብንቆጥር፣ አባታቸው ሱስንዮስ፣ አያታቸው ፋሲል፣ ቅድመ አያታቸው ያዕቆብ ናቸው። ከያዕቆብ በላይ ደግሞ እናቱን እቴጌ ሰብለ ወንጌልን እናገኛለን። በበጌምድር አደባባይ ከዚያ በኋላ የተቀመጡት የጎንደር ነገሥታት ሁሉ የእኚህ ሴት የልጅ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ታሪካቸውን የምንተርከው ስለ ዘውዱ አይደለም። ልጁ በጠላት እጅ ስለ ወደቀበት ወላጅ፣ ስለ ቂም፣ ስለ ቤዛም የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው።

ስማቸውና የገቡበት ቤት

ሰብለ ወንጌል ማለት የወንጌል ሰብል፣ የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ነበሩ። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 ሲነግሡ ገና ልጅ ስለነበሩ መንግሥቱን ይዘው ያቆዩላቸው ብልህዋ እቴጌ እሌኒ ናቸው። እሌኒ ክፉ ቀን እንደሚመጣ ቀድመው አይተው፣ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አገራችን ገቡ። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጽፎ አለፈ። ይህን ወዳጅነት ልብ እንበል፤ ፍሬው የታየው እሌኒ ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሰብለ ወንጌል የመከራ ቀን ነው።

ሰብለ ወንጌል ለልብነ ድንግል ፊቅጦርን፣ ገላውዴዎስን፣ ያዕቆብንና ሚናስን ወለዱ፤ ሴቶች ልጆችም ነበሯቸው። በዚያ ዘመን አራት ወንዶች ልጆች የወለደች እቴጌ ምን ይጎድላታል? መንግሥቱ ሰፊ ነው፤ በ1517 የንጉሡ ሠራዊት የዘይላውን ገዥ ኢማም ማሕፉዝን ድል ነሥቶ ገድሎታል። ቤቱ በዘፈንና በእልልታ የተሞላ ነበር።

ነገር ግን አንዱ ቤት እልል ሲል ሌላው ቤት ያለቅሳል። ኢማም ማሕፉዝ ድል ወንበራ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ያቺ ልጅ አድጋ ባቲ ድል ወንበራ ተባሉ፤ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሚስትም ሆኑ። ኢማም አሕመድ ሕዝባችን ግራኝ እያለ የሚጠራቸው ናቸው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ታሪክ የሁለት እናቶች ታሪክ ነው።

ቤቱ ሲፈርስ

በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግል ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ አገሪቱ በጦርነት ታመሰች። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሕዝቡ ተበተነ። በጌምድርም ከዚህ መከራ አላመለጠም። ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ የሚሸሹ ስደተኛ ሆኑ፤ እቴጌዪቱም ከነልጆቻቸው ይህን ጽዋ ጠጡ።

በ1539 ሁለት መርዶ በአንድ ዓመት መጣ። የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ። ሚናስ ደግሞ ተማረከ። በሚቀጥለው ዓመት በ1540 ልብነ ድንግል በትግራይ በደብረ ዳሞ ሞቱ። ወጣቱ ገላውዴዎስ ነገሡ፤ ነገር ግን ከጥቂት ሰዎች ጋር ሩቅ በደቡብ ነበሩ። እናታቸው በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ቀሩ። ባል የለም፤ በኵር የለም፤ አንዱ ልጅ በምርኮ፣ ሌላው በጫካ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የሞተ ልጅ መቃብር አለው፤ እናቱ አልቅሳ ተስካሩን ታወጣለች። የተማረከ ልጅ ግን በየማታው ይሞታል፣ በየማለዳው ይነሣል። በላ ይሆን? ታሞ ይሆን? እናቱን ያስታውስ ይሆን? በዚያ ዘመን የምርኮኛ ዕጣ ፈንታው ብዙ ጊዜ መሰለብና ለባርነት መሸጥ ነበር። ሚናስ የንጉሥ ልጅ ስለሆነ በክብር ተያዘ። ኋላ ግን ኢማሙ እርዳታ ፈልገው ለየመን ገዥ ስጦታ ሲልኩ ሚናስንም ከስጦታው ጋር ባሕር አሻግረው ላኩት። አንባቢዎቻችን ዮሴፍን ሳታስታውሱ አልቀራችሁም። ያዕቆብ የልጁን ቀሚስ ይዞ መጽናናትን እንቢ እንዳለ ሁሉ፣ ይህችም እናት ልጃቸው ከባሕር ማዶ ሳለ ኖሩ።

ከአምባው መውረድ

በ1541 እሌኒ የዘሩት ዘር በቀለ። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጠመንጃ የያዙ 400 ያህል ፖርቱጋላውያንን ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ። ገላውዴዎስ ሩቅ ናቸው። የመንግሥቱን ስም ይዘው እንግዶቹን የተቀበሉት እናት ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት፣ ዛሬም ሴት የማትወጣበት ገደል ነው። እቴጌዪቱ ከዚያ ገደል በገመድ ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተቀላቀሉ።

ከወረዱም በኋላ ወደ ኋላ አልቀሩም። በ1542 ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ። የቆሰሉትን ወታደሮች ከሴቶቻቸው ጋር እየዞሩ ቁስላቸውን በራሳቸው እጅ ያስሩ እንደነበር ከዘመቻው የተረፈው ካስታኞሶ ጽፏል። የአገሩ ቋንቋ የማይገባቸውን፣ ከባሕር ማዶ የመጡትን ወጣቶች እንደ እናት ያዟቸው። ሚናስንም በባዕድ አገር አንዲት ሴት እንዲህ ይዛው ይሆን ብለው ሳያስቡ የቀሩ አይመስለንም።

በነሐሴ ወር 1542 ወፍላ ላይ ጦሩ ተሸነፈ፤ ክሪስቶቮ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ። የቀሩት ጥቂቶች ከእቴጌዪቱ ጋር ወደ ተራራ ሸሹ። ገላውዴዎስ ከደቡብ መጥተው እናታቸውንና የተረፉትን እስኪያገኙ ድረስ ተስፋው ቀጭን ነበር። እናትና ልጅ የተገናኙት ዘውድና ድንኳን በሞላበት አደባባይ ሳይሆን ከሽንፈት በተረፉ ሰዎች መካከል ነው።

ወይና ደጋ

የካቲት 21 ቀን 1543 (ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በበጌምድር ምድር ወይና ደጋ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። ባቲ ድል ወንበራ ከጥቂት ሰዎች ጋር አመለጡ። ልጃቸው መሐመድ ግን ተማረከ።

እነሆ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ሰብለ ወንጌል የቀመሱትን ዛሬ ድል ወንበራ ቀመሱት። አባታቸውን የልብነ ድንግል ሠራዊት ገደለባቸው፤ ባላቸውን የገላውዴዎስ ሠራዊት ገደለባቸው፤ አሁን ልጃቸው በጠላት እጅ ነው። በሰው ሚዛን ብንመዝነው ሰብለ ወንጌል የሚበቀሉበት ቀን ደረሰ። ባላቸው ተሰደው ሞተዋል፣ ፊቅጦር ሞቷል፣ ሚናስ በምርኮ ነው። የጠላት ልጅ ግን በእጃቸው ገብቷል። አገሩ ሁሉ ቢገደል ይበል የሚል ነበር።

ልጁ አልተገደለም። በሁለቱ እናቶች መካከል መልእክት ተመላለሰ። ድርድሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ መሐመድ ለእናቱ፣ ሚናስም ለእናቱ ተመለሱ። ልጅ በልጅ ተለወጠ። ሚናስ ሲመለስ በንጉሡ ቤት ብዙ ቀን ደስታ ሆነ።

ያ ትልቅ ነገር ነው፤ እናመሰግናለን። ነፍጥ ያልቻለውን የሁለት እናቶች ፍቅር ቻለው። በንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቆመችው እውነተኛ እናት ልጄ ይሙት ከምትል ይልቅ ለሌላዋ ይሰጣት እንዳለች እናውቃለን (1ኛ ነገሥት 3)። እናት ልጇ እንዲኖር ብላ ኩራቷን ትጥላለች፤ ከደመኛዋ ጋርም ትነጋገራለች።

ያልሞተው ቂም

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን አላለቀም።

ዐፄ ገላውዴዎስ የፈረሰውን አገር መጠገን ጀመሩ። ከስማዳ ቆላ በሽሎን ተሻግረን በምናገኘው በአማራ ሳይንት የተድባበ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1555 የኢየሱሳውያን ካህናት ወደ ሮም ሃይማኖት ሊስቧቸው ሲሞክሩ፣ የሃይማኖት መግለጫ የምትባለዋን አጭር ጽሑፍ አወጡ። በዚያች ጽሑፍ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያላቸውን እምነት ተናገሩ፤ ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋም ሕዝባቸው እነዚህን የሚጠብቀው እንደ አይሁድ ሥርዓት እንዳልሆነ አስረዱ። ንጉሥ ሆነው ሳለ ስለ እምነታቸው በሰይፍ ሳይሆን በብዕር መለሱ። እናታቸው በሕይወት ኖረው ይህን አዩ።

በሌላው ወገን ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሱ። ልጃቸውን አግኝተዋል፤ የባላቸው ደም ግን በልባቸው ይጮኻል። የኢማሙን የእኅት ልጅ አሚር ኑርን አገቡ፤ ኑርም የኢማሙን ደም ሊመልሱ ተነሡ። በ1559 በሰሙነ ሕማማት ውጊያ ሆነ። ገላውዴዎስ ወደቁ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ።

ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ከሞቱ ያን ጊዜ 16 ዓመት ሆኖ ነበር። ልጅ በልጅ ሲለወጥ ሰላም የመጣ መስሎ ነበር። ግን የተለዋወጡት ልጆችን ነው፤ ቂሙ ከልብ አልወጣም። ምርኮኛ በምርኮኛ ይለወጣል፤ የሞተውን ግን በምን ይለውጡታል? ስለዚህ ደም ደምን ጠራ። ለአንዲቱ እናት መጽናኛ የሆነው ቀን ለሌላዋ እናት የሐዘን ቀን ሆነ።

የሳኦል ቁባት ሪጽፋ የልጆቿ ሬሳ በተራራ ላይ ሳለ ማቅ ዘርግታ፣ ቀን የሰማይን ወፎች ሌሊት የምድር አራዊትን ስትከለክል የኖረችውን (2ኛ ሳሙኤል 21) ስናነብ፣ ራሱ ከሥጋው የተለየ ልጅ ያለቀሱትን እኚህን እናት እናስባለን።

ከእርሳቸው በኋላ

ከገላውዴዎስ በኋላ የነገሠው ማን እንደሆነ አስተውሉ። ያ ምርኮኛው፣ ባሕር የተሻገረው፣ በልጅ የተለወጠው ሚናስ ነገሠ። ያን ቀን የጠላት ልጅ በበቀል ተገድሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ንጉሥ ባልኖረም ነበር። ሚናስ አራት ዓመት ነግሠው በ1563 ሞቱ። እቴጌዪቱ ሌላ ልጅ ቀበሩ። ሆኖም አልተቀመጡም። የልጅ ልጃቸው ሠርጸ ድንግል ገና ብላቴና ሳለ እንዲነግሥ ከሸዋ የጦር አለቆች ጋር ቆሙ። ዘመዶቹ ሳይቀሩ በተነሡበት በዚያ ጊዜ የአያቱ ክብር ለብላቴናው ጥላ ሆነለት። ሰብለ ወንጌል በ1567 አረፉ። ሠርጸ ድንግል ግን ከ30 ዓመት በላይ ነገሡ።

ሐረጉ በያዕቆብም በኩል ወረደ። ያዕቆብ ራሱ አልነገሠም፤ የልጅ ልጁ ሱስንዮስ ግን ነገሡ። ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡን በግድ ሊያስገቡ ስለሞከሩ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። በእርሳቸው ዘመን ከጀርመን አገር ጴጥሮስ ሄይሊንግ የሚባል የሉተር ተከታይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ እኛ ወንጌላውያን ስሙን በፍቅር የምናነሣው ሰው ነው። የወንጌል ሰብል በተባሉት እናት በአራተኛው ትውልድ ዘመን አንድ የወንጌል ገበሬ ወደዚያች ምድር መጣ። ስም ትንቢት ነው አንልም። ግን የአዝመራው ጌታ ቀኑን እንደሚያውቅ እናምናለን።

ከአንዲት እናት የወጡት ነገሥታት እንዴት የተለያዩ እንደሆኑ አያችሁ? አንዱ ስለ እምነቱ በብዕር መለሰ፤ ሌላው ሕዝቡን በሰይፍ አስገደደ። ደም ዙፋንን ያወርሳል፤ እምነትን ግን አያወርስም። የእግዚአብሔር ልጆች ከሥጋ ፈቃድ ወይም ከደም እንዳልተወለዱ ዮሐንስ ነግሮናል (ዮሐንስ 1፥12-13)። አያቴ ጸሎተኛ ነበሩ ማለት መልካም ነው። እኔስ? የሚለው ጥያቄ ግን ለእያንዳንዳችን ይቀራል።

ለእኛ የሚሆን ቃል

ወገኖቻችን፣ በጋይንትም ይሁን በስማዳ፣ በእስቴም ይሁን በሌላው አገራችን ደም መመለስ ምን እንደሆነ መጽሐፍ ማገላበጥ ሳያስፈልገን እናውቃለን። ደሙን ያልመለሰ ወንድ እንደ ሴት ይሰደባል። ልጅ ከአባቱ መሬት ጋር ደመኛንም ይወርሳል። ሽማግሌዎች ለእርቅ ይደክማሉ፤ ካሳ ይከፈላል፤ ይህ የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን ስንት ጊዜ ካሳው ተቆጥሮ አልቆ ቂሙ ሳያልቅ ቀርቷል? ዛሬም ልጃቸው የት እንዳለ የማያውቁ እናቶች በየመንደሩ አሉ። በዚህኛውም ወገን አሉ፤ በዚያኛውም ወገን አሉ።

የሁለቱ እናቶች ታሪክ የሰው ፍትሕ የሚደርስበትን የመጨረሻ ቦታ ያሳየናል። ልጅህን ስጠኝ፣ ልጄን እሰጥሃለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ሰው ለጠላቱ ምን ያደርጋል? እኩል በእኩል ነው፤ ማንም አይጎዳም። ልብ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

እግዚአብሔር ግን ሌላ ነገር አደረገ። እኛ ጠላቶቹ ሳለን፣ በምላሹ የምንሰጠው ምንም ሳይኖረን፣ ለገዛ ልጁ አልራራም፤ ስለ ሁላችን አሳልፎ ሰጠው (ሮሜ 5፥8-10፤ 8፥32)። ይህ ልጅ በልጅ መለወጥ አይደለም። ልጁን ስለ ጠላቶቹ መስጠት ነው። የሰብለ ወንጌል ልጅ ከምርኮ ተመለሰ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ግን ወደ መስቀል ሄደ፣ የተመለስነው ምርኮኞች እኛ ነን። የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ፣ የክርስቶስ ደም ከዚያ የሚሻል ነገር ይናገራል (ዕብራውያን 12፥24)። ደምን ዝም የሚያሰኝ ሌላ ደም የለም።

የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ትባላለች፤ የኢየሱስ ማደሪያ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ስም ትጠራለች። ግን ኢየሱስ ሊያድርበት የሚፈልገው መካን ልብ ነው፤ ቂም የያዘው ልብ ደግሞ ሁለቱን አብሮ አያሳድርም። ይህን የምታነቡ፣ ጌታን ገና ያልተቀበላችሁ ወገኖች፣ ደመኛ ካለባችሁ ወይም እናንተ የሰው ደመኛ ከሆናችሁ፣ ቤዛው ተከፍሏል። ለእርቅ በር የሚከፍተው እርሱ ነው። ከሰው ጋር ለመታረቅ የምንችለው ከእርሱ ጋር ከታረቅን በኋላ ነውና ዛሬ ወደ እርሱ ቅረቡ።

ያመንን ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ቂም የያዝንበትን አንድ ሰው ስም በጸሎት እንጥራ፤ ከቻልንም መልእክት እንላክለት። ልጇን በምትጠብቅ እናት ቤት ደግሞ ገብተን እንቀመጥ፤ ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ ቡናዋን አብረን እንጠጣ፣ እንጸልይላት።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ልጅህን ስለ ጠላቶችህ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። በምድራችን ልጃቸውን የሚጠብቁትን እናቶች አጽናናቸው። በምርኮ ያሉትን መልስ። ከአባቶቻችን የወረስነውን ቂም ከእኛ ላይ አንሣ፣ ለልጆቻችንም አናውርሰው። የወንጌልህን አዝመራ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በአገራችን ሁሉ አብዛ፤ ሠራተኞችንም ላክ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።